የኮሌጁ ደረጃና የሆስፒታሉ ደረጃ፦ ሐኪም ልትሆን ለምታስብ ልጅ የትኛው ይመዝናል?

ውድ እኅታችን፣ ያቀረቡትን ጥያቄ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ልጅዎ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች በሁለቱ፣ በሎስ አንጀለሱ ዩሲኤልኤም በበርክሌይም ተቀባይነት አግኝታለች፤ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች። ባለቤትዎ «በርክሌይ ሆስፒታል የለውም፣ የዩሲኤልኤ ሆስፒታል ግን በአገሪቱ ከተመረጡት አንዱ ነው፤ ታዲያ ምን ያጠያይቃል?» ይላሉ። እርስዎ ደግሞ በሴፕቴምበር 2025 በወጣው የኮሌጆች ዝርዝር በርክሌይ 15ኛ፣ ዩሲኤልኤ 17ኛ ሆነው ስላዩ ተቸግረዋል። መልስ ለመስጠት የደፈርሁት ሁለቱንም ነገር በቅርብ ስለማውቀው ነው፤ እዚሁ ካሊፎርኒያ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል 11 ዓመት በነርስነት፣ ከዚያም የሆስፒታሉን የጥራት መረጃ በሚያጠናቅረው ክፍል 6 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የበኩር ልጄም ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች በአንዱ ፕሪሜድ፣ ማለትም ለሕክምና ትምህርት ቤት የሚዘጋጅ ተማሪ፣ ሆኖ ተምሯል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱን ዝርዝሮች የሚያወጣቸው አንድ አሳታሚ፣ ዩኤስ ኒውስ ኤንድ ወርልድ ሪፖርት፣ በመሆኑ ብዙ ሰው የአንድ ነገር ሁለት ገጽ አድርጎ ያያቸዋል። ዝምድናቸው ግን ከአሳታሚው ስም አያልፍም። የኮሌጆቹ ደረጃ በ1983፣ የሆስፒታሎቹ ደግሞ በ1990 ተጀመረ፤ መረጃው የሚመጣበት ምንጭም፣ የሚለካው ነገርም ለየቅል ነው። ለዚህ ከራሱ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። በርክሌይ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ግንባር ቀደም ተብሎ ሲቀመጥ የራሱ ሆስፒታል የለውም። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለው የሳን ፍራንሲስኮው ካምፓስ ዩሲኤስኤፍ ደግሞ በሆስፒታሎች የክብር መዝገብ፣ ማለትም በአጠቃላይ ውጤት በተመረጡት ሆስፒታሎች ዝርዝር፣ በተደጋጋሚ የሰፈረ ሆኖ ሳለ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ስለማይቀበል በኮሌጆቹ ዝርዝር ስሙ እንኳ አይነሣም። ሁለቱም የአንድ ሥርዓት አካላት ናቸው፤ አንዱ በአንደኛው ዝርዝር ሲነግሥ በሌላው ጭራሽ የለም። ዩሲኤልኤ፣ እንደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሁሉ፣ በሁለቱም በኩል ስም ያለው መሆኑ የሚያስከብረው ነው፤ ነገር ግን እነዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ የተገናኙ ሁለት የተለያዩ ስኬቶች ናቸው፤ አንዱ ለሌላው ዋስ አይሆንም።

የኮሌጁን ደረጃ በተመለከተ፣ የ15ኛና የ17ኛ ልዩነት እንቅልፍ ሊነሣዎ አይገባም። በ2022 በወጣው ዝርዝር ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች እኩል 20ኛ ነበሩ። በ2023 እኩል 15ኛ ሆኑ። በዚያ አንድ ዓመት በሁለቱም ግቢዎች አምስት ደረጃ የሚያስዘልል ነገር አልተፈጠረም፤ የተለወጠው ቀመሩ ነው። አሳታሚው የክፍል ተማሪዎችን ብዛት፣ የቀድሞ ተማሪዎች የሚሰጡትን ልገሳና ከፍተኛውን ዲግሪ የያዙ መምህራንን ድርሻ ከስሌቱ አወጣ፤ በፔል ግራንት የሚረዱ የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች ምን ያህሉ ትምህርታቸውን እንደሚፈጽሙ ለሚያሳየው መለኪያ ደግሞ ክብደት ጨመረለት። የወጡት መለኪያዎች ጥቂት ተማሪና ብዙ ገንዘብ ላላቸው የግል ተቋማት የሚያደሉ ስለነበሩ ብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በዚያ ዓመት ወደ ላይ ወጡ። እንደ ወላጅ ሳስበው ግን የክፍሉ ትልቅነት ከስሌቱ ወጣ እንጂ ከአዳራሹ አልወጣም፤ ልጅዎ በመጀመሪያው ዓመት ኬሚስትሪ የምትማረው በመቶ ከሚቆጠሩ ተማሪዎች ጋር ነው። ቀጥሎ በ2024 ዩሲኤልኤ 15ኛ፣ በርክሌይ 17ኛ ሆኑ፤ በ2025 ቦታ ተለዋወጡ። በየመስከረሙ ለሚወዛወዝ ቁጥር የአራት ዓመት ኑሮ ማሰር አይገባም።

ከውጤቱ 20 በመቶው የሚገኘው የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶችና የትምህርት ኃላፊዎች ስለ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ከ1 እስከ 5 በሚሰጡት ነጥብ ነው። ከሌላው የአገሪቱ ጠርዝ ያለ አንድ ፕሬዚዳንት ስለ ዩሲኤልኤ የባዮሎጂ ትምህርት ምን ያህል ያውቃል? ስሙን ያውቃል፤ ነጥብ የሚሰጠውም ለስሙ ነው። ከቀሪው ውስጥ ብዙው ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በሚልኩት መረጃ ላይ ሲመሠረት ኖሯል፤ በ2022 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ማይክል ታዴየስ የገዛ ዩኒቨርሲቲያቸው የላከው ቁጥር ትክክል አለመሆኑን በጽሑፍ ካጋለጡ በኋላ ኮሎምቢያ ከ2ኛ ወደ 18ኛ ወርዷል። ከሁሉም መለኪያዎች እኔ ቁም ነገር አለው የምለው የምረቃ ምጣኔውን ነው። በሁለቱም ካምፓሶች ከ100 ተማሪ ከ90 በላይ የሚሆነው በ6 ዓመት ውስጥ ይመረቃል፤ ብዙ ሕዝብ ለሚያስተምር የመንግሥት ተቋም ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሆስፒታሉ ልምጣ፤ ባለቤትዎ የሚከራከሩበት ነጥብ ይኸው ነውና። በ2022 ዝርዝር የዩሲኤልኤ ሆስፒታል ከጆንስ ሆፕኪንስ ጋር እኩል 5ኛ ነበር። ከ2023 ጀምሮ ግን የክብር መዝገቡ ላይ ቁጥር ቀርቷል፤ የተመረጡት ሆስፒታሎች በፊደል ተራ ብቻ ይሰፍራሉ፤ በዚያ ዓመት 22 ነበሩ፤ ዩሲኤልኤም፣ ዩሲኤስኤፍም፣ የሳን ዲዬጎው ዩሲኤስዲም፣ የሚሺጋኑም ነበሩበት። ስለዚህ «በአገሪቱ 5ኛው ሆስፒታል» የሚለው አነጋገር ጊዜው አልፎበታል።

የክብር መዝገቡ ከ15 የሕክምና ዘርፎችና ከዚያ ሌላ እንደ ዳሌ ቅየራ ወይም የልብ ድካም ካሉ ሕክምናዎች ከሚገኝ ውጤት ይደመራል። ከ15ቱ ዘርፎች ሦስቱ፣ ማለትም የዓይን፣ የአእምሮና የሪህ ነክ በሽታዎች ሕክምና፣ የሚመዘኑት በሐኪሞች ድምፅ ብቻ ነው። በቀሩት ላይ ዋናው መረጃ ሜዲኬር ከተባለው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ የክፍያ መዝገብ የሚቀዳ ነው፤ ሕመምተኛው ሆስፒታል በገባ በ30 ቀን ውስጥ በሕይወት መኖሩ፣ ሲወጣ ወደ ቤቱ መሄዱ፣ ሆስፒታሉ ያን ዓይነት ሕመም ምን ያህል እንዳከመ፣ የነርሶች ቁጥር፣ ያሉት አገልግሎቶች ይታያሉ። ሜዲኬር ማለት ደግሞ በአብዛኛው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሰዎች ማለት ነው። ሜዲ-ካል በተባለው የካሊፎርኒያ የዝቅተኛ ገቢ ሰዎች ኢንሹራንስ ሌሊት በድንገተኛ ክፍል ገብቶ የዳነ የ30 ዓመት የቀን ሠራተኛ በዋናው ስሌት ውስጥ የለም። የሕፃናት ሆስፒታሎች ደረጃ ራሱን የቻለ ሌላ ዝርዝር ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሌላው የማይቀበለውን ሸክም የሚሸከምበት ቦታ ይኸው ሆኖ ሳለ፣ ደረጃው የሚያየው ግማሽ ፊቱን ብቻ ነው።

በጥራት ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ ጊዜዬን የወሰደው ነገር ከአልጋው አጠገብ የሚገኝ አልነበረም፤ ወረቀት ነበር። ስሌቱ ሆስፒታሎችን ሲያወዳድር የሕመምተኞቻቸውን የሕመም ክብደት አስተካክሎ ነው፤ ያንን ክብደት የሚያውቀው ግን ሐኪሙ በጻፈው ላይ ተመሥርቶ በሚሰጠው ኮድ ብቻ ነው። አንዲት የ80 ዓመት እናት በሳንባ ምች ገብተው ቢሞቱና መዝገባቸው ላይ «የሳንባ ምች» ብቻ ቢጻፍ፣ ስሌቱ ሊድኑ ሲገባ የሞቱ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ኩላሊታቸው ደክሞ እንደነበር፣ ልባቸው በደንብ እንደማይሠራ፣ በምግብ እጥረት እንደተጎዱ ከተጻፈ ግን ሞታቸው የሚጠበቅ ይሆናል። እኛ ቀኑን ሙሉ ለሐኪሞች «ይህን ላቦራቶሪ አይተውታል? ምርመራውን በስሙ ይጻፉልን» የሚል መጠይቅ እንልክ ነበር። አንዳንዶቹ እኛን ከሩቅ ሲያዩ ሊፍት ይጠሩ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሚጠበቀው ሞት ጋር ሲነጻጸር የነበረን አኃዝ በግልጽ ተሻሻለ፤ ሕክምናው በዚያው ልክ ተሻሽሎ ነበር ብዬ ግን አልምልም። ማጭበርበር አልነበረም፤ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነበር፤ ቀድሞ ያልተጻፈ እውነት ነው። እንዲህ ያለውን ክፍል አጠናክሮ ለመያዝ አቅም ያጣ አነስተኛ ሆስፒታል ግን ባልሠራው ጥፋት ወደ ታች ይወርዳል። በእነዚህና በመሰል ምክንያቶች በ2023 የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ሥርዓት ለደረጃው መረጃ መላክ እንደሚያቆም አስታውቋል፤ በዚያው ዓመት የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ዐቃቤ ሕግ አሳታሚውን ስለ አሠራሩ ማብራሪያ ጠይቋል።

ይህን ስል የዩሲኤልኤን ሆስፒታል ማናናቄ አይደለም። ጉበት ወይም ልብ መተካት የሚያስፈልገው ዘመድ ቢኖረኝ እንዲያ ያለውን ቦታ ነው የምፈልገው፤ በተለይ በዘርፍ ተለይቶ የተቀመጠው ደረጃ ብዙ ያከመውን ከጥቂቱ ለመለየት ይረዳል። የእርስዎ ጥያቄ ግን የሕመምተኛ ሳይሆን የተማሪ ጥያቄ ነው። የካንሰር ስፔሻሊስቱ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ባዮሎጂ አያስተምርም። የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ ላይም «የተማርሽበት ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ስንተኛ ነው?» የሚል ሣጥን የለም፤ የሚያዩት በተለይ የሳይንስ ውጤቷን፣ ኤምካት በተባለው የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ያገኘችውን ነጥብ፣ የመምህራኖቿን የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከሕመምተኛ ጋር ያሳለፈችውን ጊዜ ነው።

በዚህ በመጨረሻው ላይ ቅርበት ይረዳል መባሉ ተገቢ ነው። በ2008 የተከፈተው የዩሲኤልኤ ዋና ሆስፒታል፣ ሮናልድ ሬገን፣ ዌስትዉድ በተባለው የሎስ አንጀለስ ሰፈር በሚገኘው ግቢ ውስጥ ስለሆነ፣ ከክፍል ወጥቶ በእግር የሚደረስበት ነው። ችግሩ ያንኑ የሚያስቡ ተማሪዎች ብዛት ነው፤ ዩሲኤልኤ ወደ 33,000 የሚጠጉ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሲኖሩት ነጭ ካፖርት የሚመኘው ጥቂቱ አይደለም። ልጄ የተማረበት ካምፓስም ሆስፒታል ያለው ነበር፤ በበጎ ፈቃድ ለማገልገል ተመዝግቦ ተራው ሳይደርሰው አንድ ዓመት አለፈ። በመጨረሻ በአውቶቡስ 40 ደቂቃ ርቆ በሚገኝ ትንሽ የማኅበረሰብ ሆስፒታል በየቅዳሜው አልጋ ሲገፋ፣ ብርድ ልብስ ሲያድል ቆየ፤ ሰው ስላነሰ ከድንገተኛ ክፍል ሐኪሞቹ አንዷ በስሙ ታውቀው ነበር፤ በኋላም ደብዳቤ የጻፈችለት እሷ ናት። የበርክሌይ ተማሪም ኦክላንድና ሳን ፍራንሲስኮ በቅርብ አሉለት፤ በርክሌይ ከዩሲኤስኤፍ ጋር የጋራ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር እንዳለውም ልብ ይሏል፤ ያ ግን ዲግሪ ከያዙ በኋላ የሚገባበት ነው።

በእኔ ግምት ከሁለቱም ደረጃዎች ይልቅ የልጅዎን ውጤት የሚነካው ነገር የትምህርት ዘመኑ አከፋፈል ነው። ዩሲኤልኤ በኳርተር ይሠራል፤ አንዱ ኳርተር 10 ሳምንት ብቻ ስለሆነ የመጀመሪያው ፈተና በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ይደርሳል፤ አንድ ሳምንት የታመመ ወይም ዘግይቶ የነቃ ተማሪ ለማገገም ጊዜ የለውም። በርክሌይ በሴሚስተር ስለሚሠራ ትንሽ ይተነፈሳል፤ በአንጻሩ የማይስማማው መምህር የገጠመው ተማሪ ረዘም ላለ ጊዜ ይታገሣል። ልጄ ቶሎ የሚጀምር፣ ቶሎም የሚሰለች ስለሆነ ኳርተሩ ተስማምቶታል፤ ቀስ ብላ የምትሞቀው ታናሹ ግን ሴሚስተርን መርጣለች። ልጅዎ ከሁለቱ የትኛዋ እንደሆነች ከአሳታሚው ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

ገንዘቡን በተመለከተ አጭር ነው። ሁለቱም የአንድ ሥርዓት ካምፓሶች ስለሆኑ ለካሊፎርኒያ ነዋሪ ዋናው የትምህርት ክፍያ አንድ ነው፤ ከሌላ ግዛት የሚመጣ ተማሪ ብቻ በዓመት ከ30,000 ዶላር በላይ ተጨማሪ ይከፍላል። የቤተሰባችሁ ገቢ ለዓመታት 80,000 ዶላር ከነበረውና በኋላ ከፍ ከተደረገው ጣሪያ በታች ከሆነ ብሉ ኤንድ ጎልድ የተባለው ዕቅድ በሁለቱም ካምፓሶች ክፍያውን ይሸፍናል። የሚለያየው የቤት ኪራዩ ነው፤ የላኩላችሁን የእርዳታ ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ የመኝታና የምግቡን መስመር ብቻ አነጻጽሩ።

በመጨረሻ ያነሡት የልጅዎ የአስም ጉዳይ አለ፤ «ዩሲኤልኤ ብትገባ በዚያ ትልቅ ሆስፒታል ትታከማለች ወይ?» ብለዋል። ተማሪ ሲታመም በመጀመሪያ የሚሄደው አርተር አሽ በተባለው የተማሪዎች ጤና ማእከል ነው፤ የበርክሌይ ተማሪም የራሱ ማእከል አለው። ወደ ስፔሻሊስት የምትላክ ከሆነ የሚወስነው ኢንሹራንሷ ነው። ዩኒቨርሲቲው ለተማሪ ሁሉ ዩሲሺፕ የሚባለውን ኢንሹራንስ በክፍያው ላይ ይጨምራል፤ የቤተሰብ ኢንሹራንስ ያላት ተማሪ መስፈርቱን አሟልታ በቀነ ገደቡ ውስጥ ካመለከተች ይነሣላታል። የእናንተ ኢንሹራንስ ሰሜን ካሊፎርኒያ ብቻ የሚያገለግል ከሆነ ይህን ከማስነሣታችሁ በፊት ሎስ አንጀለስ ውስጥ የአስም ሐኪምና የመድኃኒት መደብር እንደሚሸፍን ደውላችሁ በጽሑፍ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ።