የቱ መንገድ ለማን? በአውስትራሊያ ብሔራዊ ፓርኮች በእግር መጓዝ፦ ጥያቄና መልስ

ሜልቦርን ነው የምኖረው፤ ቅዳሜ ሲመጣ ከከተማ መውጣት ልማዴ ነው። ከቅዳሴ መልስም ሆነ ቡና ላይ "ልጆቹን የት ልውሰዳቸው?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ፣ ያላችሁን ጥያቄ ሁሉ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ወሩና ዓመቱ ግን በፈረንጆቹ።

ጥያቄ፦ መንገዱ መጀመሪያ ላይ "ግሬድ 3"፣ "ግሬድ 4" የሚል ሰሌዳ አያለሁ። ምን ማለት ነው?

ከ1 እስከ 5 የሚሄድ የመንገድ መመዘኛ ነው። ግሬድ 1 ሜዳ ነው፤ ደረጃ የለበትም፣ ከ5 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፣ በተሽከርካሪ ወንበር ያለ ሰውም ረዳት ካለው ይሄድበታል። ግሬድ 2 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ቀለል ያለ ዳገትና አልፎ አልፎ ደረጃ አለው። ግሬድ 3 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ መሬቱ ሸካራ ነው፣ አጭር ግን ቀጥ ያለ ዳገትና ብዙ ደረጃ ይኖረዋል። ግሬድ 4 ልምድ ላለው ሰው ነው፤ ረጅምና ድንጋያማ፣ ምልክቱም የሳሳ። ግሬድ 5 ካርታና ኮምፓስ ለሚያነብ፣ ቢጎዳም ራሱን መርዳት ለሚችል ሰው ብቻ ነው።

ግን ቁጥሩ የሚመዝነው መንገዱን ብቻ ነው። የዕለቱን ሙቀት፣ ነፋስና ዝናብ አያውቅም፤ ሌሊቱን ሥራ አድረህ እንደመጣህም አያውቅም። አንድ ግሬድ 3 መንገድ በ18 ዲግሪና በ38 ዲግሪ አንድ አይደለም። ስለዚህ እኔ ከቤት ሳልወጣ ከግሬዱ ጋር ርቀቱን፣ የሚወስደውን ሰዓትና የዚያን ቦታ የአየር ትንበያ አብሬ አያለሁ። የተጻፈው ርቀት መሄጃ ብቻ ነው ወይስ ደርሶ መልስ የሚለውንም አጣራ። ብዙ ሰው ጨለማ ላይ የሚቀረው እዚህ ላይ ሲሳሳት ነው።

ጥያቄ፦ ሲድኒ ነው የምኖረው፤ መኪና የለኝም። ትንሹ ልጄ በጋሪ ነው፤ እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ መጥታለች፣ ጉልበቷን ያማታል። የት ልውሰዳቸው?

እህቴ፣ ብሉ ማውንቴንስ። ከሴንትራል ጣቢያ ካቱምባ ድረስ ባቡሩ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ኤኮ ፖይንት ላይ ሆናችሁ ሦስቱ እህትማማቾች የሚባሉትን አለቶችና ሸለቆውን ታያላችሁ፤ እናትሽ ምንም ዳገት አይጠብቃቸውም። ከእሱ የምወደው ግን ብላክሂዝ ያለው የፌርፋክስ መንገድ ነው፤ መሄጃው 1.8 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለጋሪም ለተሽከርካሪ ወንበርም ተብሎ የተደላደለ፣ መጨረሻው ጎቬትስ ሊፕ የሚባለው የገደል አፋፍ ነው። ሽታው ለእናትሽ አዲስ አይሆንባቸውም፤ አዲስ አበባን ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የከበበው ባሕር ዛፍ አገሩ ይኸው ነው።

ከኤኮ ፖይንት ወደ ታች የሚወርደውን ትልቁን ደረጃ ግን እንዳትሞክሩት። ከ800 በላይ ደረጃ ነው፤ የታመመ ጉልበትን ከዳገት ይልቅ ቁልቁለት ይጎዳዋል። ቦታው ወደ 1000 ሜትር ከፍታ ስላለው ሲድኒ ሲሞቅ እዚያ ጉም ሊሆን ይችላል። ጋቢያቸውን ይያዙ።

እግራቸው ጭራሽ ለማይሄድላቸውም መንገድ አለ፤ ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። በቪክቶሪያ አንዳንድ ፓርኮች ትሬይልራይደር የሚባል ባለ አንድ ጎማ ወንበር በነፃ ያውሳሉ፤ ሰዎች ከፊትና ከኋላ ሆነው በጫካው መንገድ ይወስዱታል። አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ኮሲዩስኮ የአውስትራሊያ ትልቁ ተራራ ነው ይባላል። ለመውጣት ስንት ወር ልለማመድ? ከፍታውስ ትንፋሽ አያሳጥርም?

ኮሲዩስኮ 2228 ሜትር ነው። አንተ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ አድገህ ከሆነ፣ ጫፉ ላይ ስትቆምም ከሰፈርህ በታች ነህ። ከትሬድቦ በወንበር ሊፍት ወጥተህ ከሄድክ ደርሶ መልሱ 13 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሣሩ እንዳይጎዳ አብዛኛው መንገድ በብረት መረብ ተነጥፏል። ከሻርሎት ፓስ በኩል ያለው 18.6 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ በአሮጌ የመኪና መንገድ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሰዓት የሚፈጅ የእግር ጉዞ የለመደ ሰው ይችለዋል።

እዚያ የሚፈራው አየሩ ነው። በሻርሎት ፓስ መንገድ ላይ ሲማንስ ሃት የምትባል የድንጋይ ቤት ታገኛለህ። በ1928 ሁለት የበረዶ ሸርታቴ ተጓዦች በውሽንፍር ስለሞቱ፣ ሌላው መጠጊያ እንዲያገኝ በ1929 የተሠራች ናት። ያ ክረምት ነበር፤ ነገር ግን በበጋም በረዶ የሚጥልበት ቀን አለ። ዛፍ የለም፣ ነፋሱን የሚከልል የለም። ፀሐይ ቢሆንም የዝናብ ጃኬትና ሙቅ ልብስ ያዝ።

ጥያቄ፦ ሜልቦርን ነን፤ አምስት ጓደኛሞች። ከዜሮ ነው የምንጀምረው። በምን ቅደም ተከተል እንሂድ?

መጀመሪያ ዳንደኖንግ ሬንጅስ፣ ሺህ ደረጃ የሚባለው። በቤልግሬቭ መስመር ባቡር አፐር ፈርንትሪ ገሊ ወርዳችሁ በእግር ትደርሳላችሁ። ስሙ ሺህ ቢልም የደረጃው ቁጥር ከዚያ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ልብ ያስመታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ኮኮዳ ላይ ለተዋጉት የአውስትራሊያ ወታደሮች መታሰቢያ ነውና በየመንገዱ ያሉትን ጽሑፎች ቆም ብላችሁ አንብቡ። ሳታርፉ መውጣት ስትችሉ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ቀጥሎ ዊልሰንስ ፕሮሞንቶሪ፤ ኦቤሮን ተራራ። 6.8 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ነው፤ አብዛኛው ሰፊ ጥርጊያ ነው፣ መጨረሻው ላይ ደረጃና አለት አለ። 558 ሜትር ብቻ ነው፣ ግን ከባሕሩ ዳር ቀጥ ብሎ ስለሚነሣ የሚያሳየው ከቁመቱ በላይ ነው። ከጀማሪ ጋር ተራራ ስወጣ ምርጫዬ እሱ ነው፤ ልፋቱ ትንሽ፣ ደስታው ብዙ።

ከዚያ ግራምፒያንስ፤ የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ጋሪዌርድ ይሉታል። ከዎንደርላንድ መኪና ማቆሚያ ተነሥቶ ፒናክል የሚደርሰው መንገድ 4.2 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ቢሆንም ከርቀቱ አትገምቱት። በአለት ላይ ትወጣላችሁ፤ ሳይለንት ስትሪት በሚባለው ቀጭን ስንጥቅ ውስጥ በጎን ታልፋላችሁ። ከዝናብ በኋላ አለቱ ያንሸራትታል። ክረምት ላይ፣ ማለት ጁንና ጁላይ፣ ከ11 ሰዓት ብዙም ሳይቆይ ፀሐይ ትጠልቃለችና ቀድማችሁ ጀምሩ።

ዓመት ያህል ከሄዳችሁ በኋላ ፌዘርቶፕ። ሬዘርባክ በሚባለው የተራራ ጀርባ 22 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ነው፤ ጫፉ 1922 ሜትር። ሙሉ ቀን ይፈጃል። እዚያ ስትሄዱ የመመለሻ ሰዓታችሁን ጠዋት ላይ ተስማሙ፦ ጫፍ ብንደርስም ባንደርስም 7 ሰዓት ላይ እንዞራለን በሉ። ጫፉ ሲታይና እግር ሲዝል በትክክል የሚወስን ሰው የለም፤ ውሳኔው ቁርስ ላይ ያለቀ ይሁን።

ጥያቄ፦ ለገና ሁላችንም ዕረፍት ነን። ቤተሰቡን ይዘን ወጥተን ድንኳን ብንተክልስ?

ገና እዚህ ጃንዋሪ 7 ነው፤ ያ ማለት የበጋው እምብርት፣ የሰደድ እሳት ወቅት። በ2024 ዲሴምበር መብረቅ ያስነሣው እሳት ግራምፒያንስን ለሳምንታት አቃጥሏል። አትውጡ አልልም፤ አጣርታችሁ ውጡ ነው የምለው።

የእሳት አደጋ መጠን ከ2022 ጀምሮ በመላ አገሪቱ በአራት ይከፈላል፦ መካከለኛ፣ ከፍተኛ፣ እጅግ ከፍተኛ፣ አውዳሚ። አውዳሚ በተባለበት ቀን ጫካ አጠገብ አትገኙ። እጅግ ከፍተኛ በተባለበት ቀንም እኔ አልሄድም፤ ፓርኩ ክፍት ቢሆንም። ሙሉ የእሳት ክልከላ በታወጀበት ቀን የቡናው ከሰል አይነካም፤ በብዙ ቦታ የጋዝ ምድጃም አይፈቀድም፤ ቅጣቱ ከባድ ነው። ጀበናው እዚያ ቀን ቤት ይቅር። ድንኳናችሁን ደግሞ ከትልልቅ ባሕር ዛፎች ሥር አትትከሉ፤ ነፋስ ሳይኖርም ቅርንጫፍ ይጥላሉ።

ለበጋ የምመክረው የባሕር ዳርቻ መንገድ ነው። ለሲድኒዎች ሮያል ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ በ1879 የተከለለ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው። ከባንዲና እስከ ኦትፎርድ 26 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብዙ ሰው በሁለት ቀን ይሄደዋል። ቤተሰብ ግን ዋታሞላ ድረስ በመኪና ሄዶ የተወሰነውን ብቻ ቢጓዝ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ እውነቱን ልንገርህ፣ እባብ ስለምፈራ ነው የማልወጣው።

ፍርሃትሽ ከንቱ አይደለም፤ መርዛማ እባቦች አሉ። ግን እባቡ ኮቴ ሲሰማው አብዛኛውን ጊዜ ይሸሻል። ረጅም ሱሪና የተዘጋ ጫማ አድርጊ፣ ግንድ ስትሻገሪ ማዶውን እዪ፣ ሣር ከዋጠው መንገድ ራቂ። ካየሽው ቁሚና ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ ተመለሺ።

ከነደፈ ግን የአገር ቤቱን አትከተሉ፦ መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ ማጠብ የለም። የተነደፈው ሰው እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ፤ ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሩ 000 ደውሉ። ሰፊ የሚለጠጥ ፋሻ ንድፊያው ላይ ጠቅልሉ፤ ከዚያ ከእግር ወይም ከእጅ ጣት ጀምራችሁ እስከ ላይ ድረስ፣ ለወለምታ እንደሚታሰረው አጥብቃችሁ ጠቅልሉ። በእንጨት ደግፋችሁ እሰሩት፣ እንዲራመድም አትፍቀዱ። የሚለጠጥ ፋሻ በማንኛውም ፋርማሲ አለ፤ ሁለት ያዙ።

ጥያቄ፦ ጾም ላይ ምን ልያዝ?

ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ቴምር። ቆሎ አይበላሽም፣ አይቀልጥም፣ ሲዘግኑት ኃይል ይሰጣል፤ ሜልቦርን ፉትስክሬይ ሰፈር ካሉት ሱቆቻችን ይገኛል። በሶ በጥብጦ መጠጣት ደግሞ ከማንኛውም የታሸገ ጣፋጭ ይሻላል። የማልስማማበት አንድ ነገር ነው፦ በሙቀት ቀን እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ፣ ውሃም ሳይጠጡ መሄድ። በጾም ሰዓት የምትጓዙ ከሆነ አጭር መንገድ ምረጡ ወይም ቀኑን ቀይሩ።

ጥያቄ፦ ኡሉሩን፣ በአገሪቱ መሃል ያለውን ትልቁን አለት፣ መውጣት ይቻላል?

አይቻልም፤ ከ2019 ኦክቶበር 26 ጀምሮ ተዘግቷል። ለቦታው ነባር ባለቤቶች ለአናንጉ ሕዝብ የተቀደሰ ቦታ ነው፤ እንዳይወጣ ለዓመታት ሲለምኑ ኖረዋል። ዙሪያውን መሄድ ይቻላል፤ 10.6 ኪሎ ሜትር ሜዳ ነው፣ ደግሞም ከላይ ከማየት የሚበልጥ ይመስለኛል። በዚያው ጉዞ ኪንግስ ካንየንን የምታዩ ከሆነ፣ ትንበያው 36 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሆነበት ቀን የገደሉን አፋፍ ጉዞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት መጀመር ግዴታ ነው። በሰዓት አንድ ሊትር ውሃ አስቡ።

ጥያቄ፦ ስልክ በማይሠራበት ቦታ አደጋ ቢደርስስ? አባቴ አብሮኝ ይወጣል፣ እንግሊዝኛ አይችልም።

ፒኤልቢ የሚባል በእጅ የሚያዝ የአደጋ ጠቋሚ አለ። ሲጫኑት በሳተላይት ካንቤራ ላለው የነፍስ አድን ማዕከል ያሉበትን ይናገራል፤ ኔትወርክ አይፈልግም። ከገዛችሁት በስማችሁ አስመዝግቡት፣ ነፃ ነው። በኒው ሳውዝ ዌልስ መግዛት ሳያስፈልግ በነፃ የሚዋሱባቸው የፓርክ ቢሮዎች አሉ።

ስልክ የሚሠራ ከሆነ ኢመርጀንሲ ፕላስ የተባለውን መተግበሪያ ጫኑ፤ ያላችሁበትን ቦታ በቁጥር ያሳያል። ለአባትህ ሁለት ቃል አስተምራቸው፦ 000 ደውለው መጀመሪያ "አምቡላንስ"፣ ቀጥሎ "አምሃሪክ" ይበሉ። አስተርጓሚ ያገናኟቸዋል፤ መስመሩን ሳይዘጉ ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ኦቨርላንድ ትራክን በዚህ ዓመት መሄድ እችላለሁ?

ታዝማኒያ ውስጥ 65 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስድስት ቀን ያህል ይፈጃል። ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 31 ቦታ ማስያዝ ግዴታ ነው፤ ጉዞውም ከሰሜን ወደ ደቡብ ብቻ። ጎጆዎች ቢኖሩም ድንኳን መያዝ አይቀርም። መጀመሪያ ሙሉ ሸክምህን ተሸክመህ አንድ ሌሊት ሌላ ቦታ እደር፤ ትከሻህና ጫማህ ምን እንደሚሉ ስማ። እዚያው ክሬድል ማውንቴን ላይ የዶቭ ሐይቅ ዙሪያ 6 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለአሁኑ እሱም ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ፤ ብቻዬን መሄድ እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ጉዞዎች በክበብ ጀምሪ። በቪክቶሪያ ቡሽዎኪንግ ቪክቶሪያ ሥር ብዙ ክበቦች አሉ፤ አባል ሳትሆኚ በእንግድነት የሚያሳልፉሽም አሉ። ብቻሽን ስትወጪ መንገዱንና የምትመለሺበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ጽፈሽ ተዪ፤ ካለፈ ለፖሊስ እንዲደውል ተስማሙ። ስትመለሺም መመለስሽን ንገሪው።

ጥያቄ፦ ውሻዬን ይዤ ብሄድስ?

ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በአብዛኛው አይፈቀድም።

ጥያቄ፦ አንዳንድ መንገድ መጀመሪያ ላይ ብሩሽና የሚረጭ ነገር አለ። ለምንድን ነው?

ፋይቶፍቶራ የሚባል የአፈር በሽታ አለ፤ የዛፎቹን ሥር ያበሰብሳል፣ በጭቃ ጫማ ከቦታ ቦታ ይሄዳል። ጫማችሁን በብሩሹ ጥረጉ፣ ሶሉን እርጩት ወይም እዚያ ያለውን ፈሳሽ ርገጡ፤ ስትገቡም ስትወጡም።