ትምህርቱን ልተው ወይስ ልብ ወለዱን ላቆይ? ለአንዲት የፊዚክስ ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ውድ እህቴ፣

የሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ እንደሆንሽ፣ በስድስት የተራራቁ የሰፈራ ዓለማት ስለሚኖሩ ሃይማኖተኛ ጠፈር ተጓዦች ሳይንሳዊ ልብ ወለድ እየጻፍሽ እንደሆነ፣ አሁን ደግሞ ትምህርቱን ትተሽ ሙሉ ጊዜሽን ለድርሰቱ ለመስጠት እንዳሰብሽ ጽፈሽልኛል። የላክሽልኝን የመጀመሪያ ምዕራፍም ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ትምህርትሽን እንዳታቋርጪ አጥብቄ እመክርሻለሁ፤ ይህን የምለው ግን ደራሲነት መተዳደሪያ አይሆንም ከሚለው ስጋት ተነሥቼ ሳይሆን፣ ይህ ልብ ወለድ የምትማሪውን ትምህርት አብዝቶ ስለሚፈልግ ነው።

በምዕራፉ ውስጥ መንኮራኩሯ በጥንቃቄ ተሠርታለች። የሰፋሪዎቹ አምልኮ ግን ዓለማቸው ተለውጦ ሳለ ምድር ላይ እንደነበረው ቀርቷል፤ የሃይማኖት አባታቸውም መሳቂያ እንዲሆኑ ብቻ የተፈጠሩ ይመስላሉ። የታሪኩ ሀብት ያለው እዚያ ስለሆነ ይህ ያሳስበኛል። ከፀሐይ ቀጥሎ ለምድር ቅርብ የሆነው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ 4.2 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ ይህም ብርሃን በ4.2 ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው፤ መልእክትም ከብርሃን አይፈጥንም። በዚያ የሚኖር ምእመን ስለ አንድ ሥርዓት ወደ ምድር ጥያቄ ቢልክ መልሱ የሚደርሰው ከስምንት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ማኅበሩ ለጊዜው ብሎ የወሰነው ነገር ልጆች ያደጉበት ወግ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 መገኘቷ የተገለጸው የዚህ ኮከብ ፕላኔት፣ ፕሮክሲማ ቢ፣ ኮከቧን በ11.2 ቀናት የምትዞር ሲሆን፣ ሳይንቲስቶች እንደሚገምቱት አንዱ ገጿ ዘወትር ወደ ኮከቡ የዞረ ሳይሆን አይቀርም። ፀሐይ በማትወጣበትና በማትጠልቅበት ዓለም የጸሎትን ሰዓት ማን ይወስናል?

ጥያቄው የምናብ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ማሌዥያዊው ጠፈርተኛ ሼክ ሙሳፋር ሹኮር በረመዳን ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሲጓዙ ይኸው ጥያቄ ተነሥቷል፤ ጣቢያው ምድርን በ90 ደቂቃ ገደማ ስለሚዞር በአንድ ቀን ውስጥ 16 ጊዜ ያህል ፀሐይ ስትወጣ ይታያል። የአገራቸው የሃይማኖት ሊቃውንት ስለዚህ መመሪያ አዘጋጅተው የሶላት ሰዓት በተነሡበት ቦታ አቆጣጠር እንዲሆን፣ ወደ ቂብላ (ወደ መካ አቅጣጫ) መዞርም በተቻለ መጠን እንዲሆን ወሰኑ።

ስለ መነጠል ደግሞ የጃፓንን ስውር ክርስቲያኖች ታሪክ አጥኚ። ሃይማኖታቸው እ.ኤ.አ. በ1614 በመላ አገሪቱ ከታገደ በኋላ፣ በ1865 ናጋሳኪ ውስጥ ለአንድ ፈረንሳዊ ካህን ራሳቸውን እስኪገልጡ ድረስ ትውልዶች ያለ ካህን ኖረዋል። ጥምቀትን ምእመንም ሊፈጽመው ስለሚችል ጠብቀውታል፤ ካህን የሚያስፈልገው ቅዳሴ ግን ቀረባቸው። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ፣ ካህናቱ ሲመለሱ ከፊሎቹ የአባቶቻችንን ሥርዓት አንተውም ብለው ሳይቀላቀሉ መቅረታቸው ነው። መጽሐፍሽ የሚፈልገው ግጭት ይህን የመሰለ ነው፤ በውስጡም የሚሳቅበት ሰው የለም።

ስለዚህ በቀሩሽ የትምህርት ጊዜያት ከምርጫ ኮርሶችሽ አንዱ የሃይማኖት ታሪክ ወይም አንትሮፖሎጂ ይሁን። የመመረቂያ ጥናትሽን እንደ ፕሮክሲማ ቢ ባሉ ፕላኔቶች ላይ ለማድረግ አማካሪ መምህርሽን አነጋግሪ፤ ሥራው ለልብ ወለዱም፣ ኋላ በሳይንስ ጽሑፍ አርትዖት ወይም በሕዝብ የሳይንስ ትምህርት ለመቀጠር ብትፈልጊም ይጠቅምሻል። ስድስቱን ዓለማት በአንድ ጊዜ ከመጻፍ ይልቅም በአንዱ ጀምሪ። ኔቡላ የተባለው የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሽልማት ከ17,500 ቃላት ጀምሮ 40,000 ያልሞላውን ድርሰት ኖቬላ ብሎ ለብቻው ያወዳድራል፤ ይህ መጠን ከትምህርት ጎን ለጎን ሊጨረስ ይችላል።

በቅድሚያ ግን ከምድር የተላከው መልስ የሚደርስበትን ዕለት፣ ጥያቄውን የላከው ሰው ካረፈ በኋላ ደብዳቤውን የምታነበው ልጁ እንድትሆን አድርገሽ ጻፊና ላኪልኝ።