ቢሉን የሚልከው ዲስትሪክቱ፣ ገንዘቡን የሚወስደው ካውንቲው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን አሉልን? ከለንደን ወጥተን አንዲት ትንሽ ከተማ ከገባን ገና ጥቂት ወራችን ነው። ለንደን እያለን ካውንስሉ (የአካባቢ አስተዳደሩ) አንድ ነበር፤ ሁሉን ነገር እሱን ነበር የምንጠይቀው። እዚህ ግን ዲስትሪክት ካውንስል የሚባል ከ2,000 ፓውንድ በላይ የካውንስል ታክስ (የቤት ግብር) ቢል ላከብን። ደጃችን ላይ ያለውን ጉድጓድ ድፈኑልኝ ብዬ ብደውል «እኛ አይደለንም» አሉኝ። የልጄን ትምህርት ቤት ብጠይቅም ያው «እኛ አይደለንም»። ታዲያ ገንዘባችንን ወስደው ምን ይሠሩበታል?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ የኔ እመቤት፣ እንኳን ደህና ገባችሁ። እኔ ጡረታ እስክወጣ አንድ ዲስትሪክት ካውንስል ውስጥ እንግዳ መቀበያው ላይ ነበር የምሠራው። ሰው ቢሉን እያውለበለበ ይገባል፤ እኔ ደግሞ ገንዘቡ ለማን ለማን እንደሚከፋፈል የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ፈልጌ በጣቴ አሳየዋለሁ። አንቺም ፈልጊው፣ እዚያው ቢሉ ላይ ነው። ትልቁ ቁጥር የካውንቲው ነው፤ ካውንቲ ማለት ብዙ ዲስትሪክቶችን አቅፎ የያዘው ሰፊ አካባቢ ካውንስል ነው። ፖሊስ አለ፤ እሳት አደጋ አለ፤ የታውን (የከተማ) ወይም የፓሪሽ (የመንደር) ካውንስል ካላችሁ እሱም ትንሽ ይወስዳል። ለዲስትሪክቱ የሚቀረው ከአሥር አንዱ ገደማ ነው። ግን ሰብሳቢው እሱ ስለሆነ ስድቡንም የሚሰበስበው እሱ ነው።

ይህ አከፋፈል እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣ ሕግ የመጣ ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው በኤፕሪል 1974 ነው። ባንበሪን እንውሰድ። የባንበሪ ነዋሪ ታውን ካውንስል አለው፤ ቻርዌል የሚባል ዲስትሪክት አለው፤ ከዚያም ኦክስፎርድሺር ካውንቲ ካውንስል አለ። ትምህርት ቤት፣ መንገድ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የአረጋውያንና የሕፃናት እንክብካቤ ከካውንቲው ነው። ብዙ ገንዘብ የሚበላውም ይኸው ነው። ዲስትሪክቱ ቢን (የቤት ቆሻሻ) ያነሳል፤ የግንባታ ፈቃድ ይሰጣል፤ የቤት ፈላጊዎችን መዝገብ ይይዛል፤ መራጭ ይመዘግባል። ካውንቲው የዲስትሪክቱ አለቃ እንዳይመስልሽ። ሁለቱም የየራሳቸው ተመራጭ፣ የየራሳቸው በጀት አላቸው። ቆሻሻው ራሱ ሁለት ጌታ ነው ያለው፦ ከደጅሽ የሚያነሳው ዲስትሪክቱ፣ ወስዶ የሚያስወግደው ካውንቲው። አሮጌ ፍራሽ ይዘሽ የምትሄጂበት የቆሻሻ መጣያም የካውንቲው ነው። ለምን እንዲህ ሆነ አትበይኝ፤ እኔም እዚያ ቁጭ ብዬ አልገባኝም።

ስለ ጉድጓዱ ለካውንቲው በድረ ገጹ አመልክቺ። የማን እንደሆነ ግራ ሲገባሽ ፊክስ ማይ ስትሪት የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ካርታው ላይ ነክተሽ ብትጽፊ ለሚመለከተው ካውንስል ይልክልሻል። ለትምህርት ቤቱም የካውንቲውን የተማሪ ቅበላ ክፍል ጠይቂ።

የእኛ ሰው ዲስትሪክቱን አጥብቆ የሚፈልግባቸው ጉዳዮች ግን አሉ። የታክሲ ፈቃድ ከዚያ ነው። ምግብ ቤት የሚከፍት ሰው ሥራ ከመጀመሩ ቢያንስ 28 ቀን አስቀድሞ እዚያ ይመዘገባል፤ ምዝገባው በነፃ ነው። እቤታችሁ እንጀራ እየጋገራችሁ የምትሸጡም እንደዚያው፤ «ለጓደኛ ለጓደኛ ነው» የሚባለው ነገር ተቆጣጣሪው ፊት አያዋጣም። አከራይ ልቀቁ ብሎ ወረቀት ሲሰጥም መጨረሻው ቀን እስኪደርስ አትጠብቁ። በ56 ቀን ውስጥ ቤት አልባ የመሆን ስጋት ላለበት ሰው ካውንስሉ የመርዳት ግዴታ አለበት፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ዓይነት ግን ይታያል።

ቢሉን ለመቀነስ ደግሞ፣ ቤት ውስጥ ያለው አዋቂ አንድ ብቻ ከሆነ 25 በመቶ ይነሳል። የሙሉ ጊዜ ተማሪ አይቆጠርም። ስለዚህ እናትና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልጅ ብቻ የሚኖሩበት ቤት ቅናሹን ያገኛል። ይህን ሳያውቅ ዓመት ሙሉ የከፈለ ስንቱን አይቻለሁ! ገቢው ዝቅ ያለም ሌላ ድጎማ መጠየቅ ይችላል። ቤቱ ያለበት የታክስ እርከን ከ«ኤ» እስከ «ኤች» የሚወጣው በኤፕሪል 1991 ቢሸጥ ያወጣ በነበረው ዋጋ ነው። አዎ፣ አምና የተሠራ ቤትም ቢሆን!

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጎረቤቴ ከኋላ በኩል ባለ ሁለት ፎቅ ሊጨምር ነው። የመብራት እንጨቱ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። የኩሽናዬን ብርሃን ይወስድብኛል፤ የቤቴም ዋጋ ይወርዳል። ማስቆም እችላለሁ?
ብርሃኑ የሚሄድበት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማስታወቂያው ላይ የማመልከቻ ቁጥር አለ። ቁጥሩን ዲስትሪክቱ ድረ ገጽ ላይ አስገባና ፕላኑን ተመልከት። አስተያየት ለመስጠት ብዙውን ጊዜ 21 ቀን ነው ያለህ። የምትጽፈውን ጎረቤትህም እንደሚያነበው አትርሳ፤ ንዴትህን ለቤተሰብ ንገር።

ስለ ቤትህ ዋጋ ግን አንድ ቃል አትጻፍ፤ አይቆጠርልህም። እይታ ተከለለብኝ ማለትም አይሠራም። ብርሃን፣ መኝታ ቤትህን ቁልቁል የሚያይ መስኮት፣ የመኪና ማቆሚያ ችግር፣ ግንባታው ከአካባቢው ጋር አለመመጣጠኑ፣ እነዚህ ይቆጠራሉ። ስለ ብርሃን ብዙ ካውንስሎች አንድ ዘዴ አላቸው። ከአንተ መስኮት መሐል በ45 ዲግሪ መስመር ይሰመራል፤ አዲሱ ግንብ መስመሩን አልፎ ከገባ ጥያቄ ይነሳል። ፕላኑን አትምና ራስህ በማስመሪያ ሞክረው። መስመሩን ካለፈ እሱኑ ጻፍ፣ ሥዕሉንም አያይዝ። ከአምስት ገጽ ምሬት ያ ሥዕል ይበልጣል።

አብዛኛውን ማመልከቻ የሚወስነው የካውንስሉ ባለሙያ ነው፤ የካውንስለሮች (የተመራጮች) ኮሚቴ ፊት አይደርስም። እንዲደርስ ከፈለግህ የአካባቢህን ካውንስለር ቶሎ ያዝ፤ ጉዳዩን ወደ ኮሚቴ እንዲመራ የመጠየቅ መብት በብዙ ቦታ አለው። ስልኩና ኢሜይሉ ድረ ገጹ ላይ ነው። ካውንስለሮች ደመወዝተኛ አይደሉም፣ አበል ነው የሚያገኙት። ብዙዎቹ ቀን ሌላ ሥራ ላይ ስለሚውሉ ማታ ማታ ብትደውል ይሻላል። ኮሚቴው ፊት ከደረሰ ሦስት ደቂቃ ያህል እንድትናገር ይፈቀድልህ ይሆናል። ጽፈህ ግባ፤ ሰዓት የሚይዘው ሰው ይሉኝታ የለውም።

ካልተፈቀደለት ጎረቤትህ ይግባኝ ማለት ይችላል። ከተፈቀደለት ግን አንተ ይግባኝ የለህም። ይህ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ሕጉ ግን ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ የማይገደብ የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ፣ ካውንስል ታክስም እከፍላለሁ። ለካውንስል መምረጥ እችላለሁ? ደግሞ ዲስትሪክቶቹ ሊጠፉ ነው የሚባለው እውነት ነው?
አንዱዓለም

መልስ፦ በኢትዮጵያ ፓስፖርት አትችልም፤ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የብሪታንያ ግዛቶች ማኅበር) አባል አይደለችም። የኬንያ ወይም የናይጄሪያ ጓደኛህ ግን እዚሁ በሕጋዊ ፈቃድ እየኖረ ይመርጣል። ዜግነት ስትወስድ አንተም ትችላለህ፤ ግን ከምርጫው ቀን 12 የሥራ ቀን ቀደም ብለህ መመዝገብህን አረጋግጥ። ከ2023 ወዲህ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ሳይዙ ምርጫ ጣቢያ መሄድ ዋጋ የለውም። ከሌለህ በነፃ የሚሰጥ የመራጭ ማስረጃ አለ።

ስለ መጥፋቱ፣ አዎ፣ መንግሥት በዲሴምበር 2024 ባወጣው ዕቅድ ዲስትሪክትና ካውንቲ ተዋህደው አንድ ካውንስል ይሆናሉ። ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ሰሪ (Surrey) የምትባለው ካውንቲ ናት፤ 11 ዲስትሪክቶቿና ካውንቲዋ ተጠቃለው ምሥራቅ ሰሪና ምዕራብ ሰሪ በሚባሉ ሁለት ካውንስሎች ይተካሉ፤ የታሰበው ለኤፕሪል 2027 ነው። እስከዚያ ግን ቢሉ የሚመጣው ከዲስትሪክቱ ነውና ክፈል።