«ሳሚው» ከማለትዎ በፊት

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ወንድ ልጅና የ4 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እሁድ ማታ፣ ጎረቤት ቡና ጠርታኝ ደረስ ብዬ ስመለስ ትንሿ እጇን ይዛ ታለቅሳለች። ወንድሟ «ዩኒፎርሜን ስተኩስ ካውያው ነክቷት ነው» አለኝ። የጥርስ ሳሙና ቀባኋት፤ ሲያብጥ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ካውያውን የእጇ ጀርባ ላይ ያሳረፈባት ራሱ መሆኑን ያመነው ባለቤቴ በቀበቶ ሲገርፈው ነው። ከዚያ በፊት ትንሽ ትንሽ ነገር ነበር እንጂ እንዲህ ያለ አልነበረም። ይቅርታ ጠየቃት፤ እኔም «በይ ሳሚው» አልኳት፣ ሳመችው፣ ታረቁ። አሁን ግን እሱ ከትምህርት ቤት ሲገባ ትጮኻለች፣ ሌሊት ትባንናለች፣ ትታው የነበረውን አልጋ ማርጠብ ጀምራለች። ልጄ ክፉ አይደለም። የ3 ዓመት ልጅ ሳለ ዓረብ አገር ሄጄ 7 ሲሞላው ነው የተመለስኩት፤ ያሳደገችው እናቴ ናት፣ በትምህርቱም ጎበዝ ነው። ባለቤቴ የእሱ አባት ስላልሆነ «ወደ አያቱ ይመለስ» ይላል። እኔ የምፈልገው ትንሿ ፍርሃቷን ትታ ቤታችን እንደ ድሮው እንዲሆን ነው። እንዴት ላስታርቃቸው? (የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎ ስለ ታላቁ ልጅዎ ብዙ ይናገራል፤ ጠባዩን፣ ትምህርቱን፣ ያደገበትን ቤት። ስለ ትንሿ የሚናገረው ግን ቤቱን እንደረበሸች ያህል ነው፤ ትጮኻለች፣ ትባንናለች፣ አልጋ ታረጥባለች። ቁስሏ ዳነ? ጣቶቿን አጥብቃ ትጨብጣለች? ከዚያ ማታ ወዲህ የምትተኛው ከማን ጋር ነው? ይህን የማነሳው ልወቅስዎ አይደለም። የሚፈልጉት መልስ የሚጀምረው ከእነዚህ ጥያቄዎች ስለሆነ ነው።

ከእጇ እንጀምር። ካውያ ሳያውቅ የነካ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ የሚቃጠለው የጣቱን ጫፍና መዳፉን ነው፤ ነገር የምንነካው በመዳፋችን ነውና። ወዲያው እጁን ስለሚሰበስብም ቃጠሎው ትንሽና ጠርዙ የተዛባ ይሆናል። የእጅ ጀርባ ላይ የካውያው ሹል ጫፍ ቅርጹ ለይቶ ከታተመ፣ ያ ብቻውን ማስረጃ ባይሆንም፣ እጇ ተይዞ እንደነበር ያስጠረጥራል። ጤና ጣቢያ ምን ብለው እንደተናገሩ አልጻፉልኝም። «ነክቷት ነው» ብለው ከሆነ ተመልሰው እውነቱን ይንገሯቸው። ልጄ ይታሰርብኛል ብለው ፈርተው ይሆናል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለን ልጅ ለአዋቂ በተደነገገው ቅጣት አይቀጣም፣ ከአዋቂ ጥፋተኞች ጋርም አያስቀምጥም። ሐኪሙ እውነቱን ሲያውቅ የሚያክመው እጅ ብቻ አይሆንም፣ ፍርሃቷንም ይጠይቃል።

የጥርስ ሳሙናውንም ሳላነሳው አላልፍም፣ በየቤቱ ያለ ልማድ ነውና። ቃጠሎ ሲደርስ መድኃኒቱ ቀዝቀዝ ያለ ንጹሕ ውኃ ነው፤ በረዶ ሳይሆን፣ ለ20 ደቂቃ፣ ሳያቋርጡ። ቧንቧው ከጠፋ ከጀሪካን በጆግ እየቀዱ ማፍሰስ ይቻላል። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ቡና ሙቀቱን ያፍናሉ፣ ቁስሉን ለኢንፌክሽን ያጋልጣሉ፣ ሐኪሙም ጥልቀቱን እንዳያይ ይሸፍኑበታል። እስከ ዛሬ ካልደረቀ ወይም ጣቶቿን ስታጥፍ ቆዳው የሚወጥራት ከሆነ ዛሬ ነገ አይበሉ፤ ጠባሳው ጣት አጣጥፎ ሊያስቀር ይችላል። የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዓረብ አገር የቆዩበትን አራት ዓመት በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል። ለእኔ ግን ደብዳቤው ሁሉ የተጻፈው ከዚያ ዓረፍተ ነገር ነው። ሲሄዱ ልጅዎ 3 ዓመቱ ነበር፣ ሲመለሱ 7። በዓመቱ ትንሿ ተወለደች። ዛሬ 4 ዓመቷ ነው። እንግዲህ ያስቡት፤ እሱ እናት ያጣበትን ያንኑ ዕድሜ እሷ በእርስዎ ጉያ ሆና እየኖረችው ነው። ጸጉሯን ሲሠሯት ያያል። ስትተኛ ሲያባብሏት ይሰማል። ማንም «አንተም እንዲህ ነበርክ» ሊለው አይችልም፣ አልነበረምና።

ይህን እርስዎም ያውቁታል፤ እንዲያውም ከእሱ የበለጠ። «ልጄ ክፉ አይደለም» ብለው ሳልጠይቅዎ የመለሱልኝ ለዚህ ይመስለኛል። እሱን ለመቆጣት አፍዎን ሲከፍቱ «ጥለሽው የሄድሽ አንቺ አይደለሽም?» የሚል ድምፅ ይቀድምዎታል። የሄዱት ለእንጀራ እንደሆነ፣ የላኩት ገንዘብ እንዳስተማረው ለራስዎ ቢነግሩትም ድምፁ ዝም አይልም። ለልጅዎ ዕዳ አለብኝ ብለው ያምናሉ። ዕዳውን አልክድም፤ አለ። ግን ማን እየከፈለው ነው? «በይ ሳሚው» ሲሏት፣ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ጉንጩን የሳመችው ልጅ የከፈለችው የእርስዎን ዕዳ ነው። «ትንሽ ትንሽ ነገር» ያሉትም ቢሆን፣ ቁንጥጫ ይሁን ግፊያ፣ እርስዎ ለእሱ አዝነው ባለፉት ቁጥር የተከፈለው ከእሷ ነው። ልጁም ሳይገባው አልቀረም፤ በእሷ ላይ የሚያደርገው ነገር ዋጋ እንደማያስከፍለው ተምሯል። እንዲህ ማለፍ ለእሱም ፍቅር አልሆነለትም።

እርቅ የሚለውን ቃል ስለተጠቀሙ በእርቅ ልናገር። ሽማግሌ ሲቀመጥ ገና ከመነሻው «ተሳሳሙ» አይልም። የተበዳይን ቃል ይሰማል። በዳይ በደሉን በገዛ አፉ እንዲያምን ይጠብቃል። ካሳ ይቆርጣል። ከዚያም ዋስ ይጠራል፤ ነገሩ እንዳይደገም መሐል የሚቆም ሰው። መሳሳሙ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ ያውም ተበዳይ «እሺ» ካለ። በእናንተ ቤት ትንሿን የሰማት የለም፣ ልጁ ያመነው ለቀበቶው ነው፣ ዋስ አልተጠራም፣ የቀረው መሳሳም ብቻ ነበር፤ እሱንም እምቢ ልትል አትችልም፣ ያዘዘቻት እናቷ ናትና። ስለዚህ ጩኸቷን እንደ አዲስ ችግር አይዩት። ይግባኝ እያለች ነው። የጎደለው ዋስ ደግሞ እርስዎ ነዎት።

የ4 ዓመት ልጅ ዋስ እንዳላት የምታውቀው በምክር አይደለም፤ አጭር ቃል ሲደጋገምላትና ቃሉን የሚመስል ሥራ ስታይ ነው። እንዲህ ሊሏት ይችላሉ፦ «ወንድምሽ እጅሽን አቃጥሎሻል። ጥፋቱ የእሱ ነው። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ከእሱ ጋር ብቻሽን አልተውሽም።» ባለቤትዎም፣ ሠራተኛ ካለች እሷም፣ ይህንኑ ቃል ሳይለውጡ ይበሏት። «ከእንግዲህ አይነካሽም» የሚለውን ግን ይተዉት። የእሱን እጅ ማዘዝ አይችሉም፤ አንድ ቀን ከቆነጠጣት ውሸታም ይሆናሉ። «አልተውሽም» ግን በእርስዎ እጅ ያለ ነገር ነው። ስትስመውም ሆነ አጠገቡ ስትቀመጥ በራሷ ፈቃድ ይሁን። ዘመድ መጥቶ «ምነው ወንድምሽን አትስሚውም?» ቢላት እርስዎ ቀድመው «ስትፈልግ ትስመዋለች» ይበሉላት፤ እንዲህ ያለችው ትንሽ ነገር ለእሷ ምስክር ናት።

ምን እንደሆነ ደግሞ ደጋግመው አይጠይቋት። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ጥያቄ ሲደጋገምበት አዋቂው የሚፈልግ የመሰለውን መልስ መስጠት ይጀምራል። «ምን ሆነ?» አንዴ፣ «ከዚያስ?» አንዴ፣ ይበቃል። ይልቅ ጨዋታዋን ይዩ። የአሻንጉሊቷን እጅ ይዛ «ጭስስ!» ስትል ካዩ አይከልክሏት፣ አይደንግጡም። ትንንሽ ልጆች የሆኑትን የሚያወሩት በጨዋታ ነው፣ ሲጫወቱትም ፊታቸው ላይ ሐዘን ላይታይ ይችላል። አጠገቧ ተቀምጠው «አሻንጉሊቷ አሟታል፤ ማን ይርዳት?» ቢሉ በቂ ነው። በጨዋታው ማንም ሊረዳት ካልመጣ፣ ጨዋታው ለሳምንታት ያለ መውጫ ከተደጋገመ፣ ያ ለባለሙያ የሚነገር ምልክት ነው።

ጥበቃው ላይ ጥብቅ መሆን አለብዎት። ለጊዜው ሁለቱ ብቻቸውን አይቀሩም፤ ሽንት ቤት እስኪሄዱም፣ ሱቅ እስኪደርሱም፣ ቡና እስኪጠጡም። ይህ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በአምስት ደቂቃ ነው፣ ያቺም እሁድ «ደረስ ብዬ» ነበር የሄዱት። አንድ ክፍል የሚተኙ ከሆነ ትንሿ ወደ እናንተ ትምጣ። ካውያው፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውና ክብሪቱ ሁለቱም የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጡ። ልጁን ሞግዚት ማድረግ ጨርሶ ይቁም፤ የ12 ዓመት ልጅ ሕፃን የመጠበቅ ግዴታ የለበትም፣ የሚቀናባትን ደግሞ በፍጹም። ምን ያህል ጊዜ ቢሉኝ ቁርጥ ያለ ቁጥር መስጠት ይከብደኛል፤ ሦስት ወር ያለ አንድም «ትንሽ ነገር» ካለፈና ትንሿ በራሷ ወደ እሱ መቅረብ ከጀመረች፣ በእርስዎ ዓይን ሥር አጭር ጨዋታ መፍቀድ ይቻል ይሆናል።

ስለ ልጁ ባጭሩ። ቀበቶው ያስተማረው «ትልቅ ሰው ትንሹን በሚያቃጥል ነገር ይቀጣል» የሚለውን ነው፣ እሱም ይህንኑ አድርጓል። ባለቤትዎን ለብቻቸው ያነጋግሯቸው። ወደ አያቱ መላክን በተመለከተ፣ ለልጁ የሚነበበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዳግመኛ ተጣልኩ። ሆኖም ቤታችሁ በእውነት የሚጠብቅ ዓይን ከሌለው የትንሿ ደኅንነት ይቀድማል፤ እንደዚያ ከሆነ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት፣ የሚመለስበት ቀን አስቀድሞ ተነግሮት፣ በየቀኑ እየደወሉለት ይሂድ እንጂ በቅጣት ስም አይሂድ። ካሳውም ይኑር፣ ግን ትንሿ እንድትቀበለው የማይጠበቅባት ዓይነት፤ የቤት ሥራ ቢሆን፣ የሳምንት የኪስ ገንዘቡን ለፋሻዋ ማዋል ቢሆን። ከዚህ ጋር በየቀኑ 20 ደቂቃ ለእሱ ብቻ ይስጡ፣ ያጠፋ ቀንም ሳይቀር። በዚያ ሰዓት ስለ እነዚያ አራት ዓመታት ይንገሩት፤ ለምን እንደሄዱ፣ ሌሊት ምን ያስቡ እንደነበር። ቢቆጣ አይከላከሉ። ዕዳዎን የሚከፍሉት እዚህ ነው።

ይህ ሁሉ በጽሑፍ የሚያልቅ አይደለም። ሕፃናት ላይ ድንጋጤ የሚተወውን ጉዳት ለመለየት የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው መመሪያ 6 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉት የተለየ መመዘኛ አለው፤ ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ከዘለቁ ነው እንደ ሕመም የሚታየው። እናንተ ሦስት ሳምንት ላይ ናችሁ። የሚቀረውን ሳምንት በመጠበቅ ከማሳለፍ ከሕፃናት ጋር የሚሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ አሁኑኑ ፈልገው፣ ሁለቱን ልጆች ለየብቻ፣ በተለያየ ቀን ይውሰዱ። ልጁ እንስሳ የሚያሠቃይ ከሆነ፣ እሷ ስታለቅስ የሚስቅ ከሆነ፣ ወይም እሱ ራሱ ላይ ሌላ ሰው ጉዳት እያደረሰ ነው ብለው ከጠረጠሩ አንድ ቀንም አይቆዩ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የፊታችን እሁድ ማታ ዩኒፎርም መተኮሱ አይቀርም። በዚህ ሰሞን ካውያውን እርስዎ ይያዙት፣ ቅዳሜ ጠዋት ቢሆን ይሻላል። ከመሰካትዎ በፊት ለትንሿ ይንገሯት፤ እዚያው ክፍል መሆን ወይም ከአባቷ ጋር ውጭ መጫወት ትምረጥ። ሲጨርሱ ነቅለው፣ ቀዝቅዞ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ሲገባና ሲቆለፍ አብራ ትይ።