ሰርጌ ደርሷል፣ የብጉር ጠባሳዬን ሌዘር ልሰራ?

ጥያቄ፦ እንደምን ናችሁ፣ የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው፣ 26 አመቴ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ብጉር ሲያሰቃየኝ ኖሮ አሁን ቀነስ ብሎልኛል ግን ጉንጬ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ነገርና ጥቁር ጥቁር ቦታ ትቶብኛል፣ አልፎ አልፎም አዲስ ይወጣብኛል። ከሱቅ የገዛሁትን ቅልቅል ክሬም ስቀባ ፊቴ ጥርት ይላል፣ ላቁም ስል ደግሞ ያቃጥለኛል ብጉሩም ይብሳል። ሰርጌ ከአረፋ በኋላ ነው፣ ቢበዛ ሁለት ወር ቢቀረው ነው። አንድ የውበት ሳሎን በሁለት ጊዜ ሌዘር ሙሉ ለሙሉ እናጠፋዋለን ብለውኛል፣ እናቴ ደግሞ ፊትሽን ታቃጥይዋለሽ ብላ እምቢ አለች። ምን ትመክሩኛላችሁ? ሐኪምስ በምን ይመረጣል? (ሀ. ከሸዋ በር)

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ቁርጡን ልንገርሽና ምክንያቱን ከዛ እናወራለን፣ ከሰርግሽ በፊት ሌዘር እንዳትሰሪ። ሌዘር ሁሉ ፊት ያቃጥላል ማለት አይደለም፣ አሁን ባለሽበት ሁኔታ ግን እናትሽ ልክ ናቸው።

ለጠባሳ በብዛት የሚሰራው ፍራክሽናል የሚባለው ሌዘር ነው። ቆዳው ላይ በጣም ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየበሳ ይሄዳል፣ በመሀል በመሀል ያለውን ጤነኛ ቆዳ ሳይነካ ይተወዋል፣ ከዛ ቆዳው ራሱን ሲጠግን አዲስ ኮላጅን (ቆዳን አጥብቆ የሚይዝ ፕሮቲን) ይሰራና ጉድጓዱ ከስር ሞላ ሞላ እያለ ይመጣል። ይሄ የሳምንት ስራ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ በየወሩ ገደማ የሚሰጥ የተወሰነ ዙር አለው፣ ከመጨረሻው ዙር በኋላም ለውጡ ከ3 እስከ 6 ወር ይቀጥላል። ካርበን ዳይኦክሳይድ በሚባለው ጠንካራው ሌዘር ከሆነ ፊትሽ ለሳምንትና ከዛም በላይ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይላላጣል፣ እሱ ሲያልፍ ደግሞ እንደኛ ባለ ቆዳ ላይ ጥቁረት ሊተካ ይችላል፣ ወራትም ይቆያል። እና የሰርግሽ ቀን ከአሁኑ የባሰ ጠቁረሽ ብትቀመጪስ? በሁለት ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ይጠፋል ያለሽ ሰው ይሄን ካልነገረሽ እዛ ቤት አትሂጂ። ደህና ሐኪም ይሻሻላል ይልሻል እንጂ ይጠፋል ብሎ ቃል አይገባም።

ከሌዘሩ በላይ ያሳሰበኝ ግን ክሬምሽ ነው። ሲቀቡት ጥርት የሚያደርግ፣ ሲያቆሙት የሚያቃጥልና ብጉር የሚያመጣ ክሬም ብዙ ጊዜ ውስጡ ስቴሮይድ የሚባል የቆዳ መቆጣት የሚያበርድ ጠንካራ መድሀኒት አለው፣ ቱቦው ላይ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚል ካየሽ እሱ ነው፣ ምንም ያልተጻፈበት ቅልቅል ከሆነማ የባሰ ነው። ስቴሮይድ ፊት ላይ ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳል፣ ራሱም ብጉር ያወጣል። ይሄን እየተቀባሽ ሌዘር ብትሰሪ የሳሳ ቆዳ ላይ ነው የሚያርፍብሽ። በራስሽ ድንገት ጣል አታድርጊው፣ ቱቦውን ወይም ብልቃጡን እንዳለ ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ እንዴት እንደምትተዪው እሱ ይነግርሻል። ይሄን ነገር ሳይነግሩት ሌዘር የሚገቡ ልጆች አሉ፣ ባክሽ አትደብቂ፣ ማንም አይቆጣሽም።

አሁን ደግሞ ጠዋት መስኮት አጠገብ ቁሚና ብርሀኑ ከጎን እንዲመጣ አድርገሽ መስታወት ያዢ። ጥቁር ጥቁሩ ቦታ በጣትሽ ስትዳብሺው ለጥ ያለ ከሆነ እሱ ጠባሳ አይደለም፣ ብጉሩ የተወው ጥቁረት ነው፣ ፀሀይ ከተከላከልሽለትና አዲስ ብጉር ካልወጣ በወራት ውስጥ እየለቀቀ ይሄዳል፣ ለሱ ብለሽ ለሌዘር ገንዘብ አታውጪ። ቀጥለሽ ጉንጭሽን በሁለት ጣት ወጠር አድርጊው። ስትወጥሪው የሚጠፋው ጉድጓድ ከስር በጅማት ነገር ወደታች የተያዘ ነው፣ ለሱ ሐኪሙ በመርፌ ገብቶ ጅማቱን የሚቆርጥበት ሰብሲዥን የሚባል ህክምና አለ። ስትወጥሪውም የማይጠፋ፣ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ጠባብና ጥልቅ ቀዳዳ ከሆነ ደግሞ ሌዘር ብቻውን ብዙም አያሻሽለውም፣ ቲሲኤ የሚባለውን አሲድ ቀዳዳው ውስጥ ብቻ ጠብ የሚያደርጉበት ዘዴ ይሻለዋል። ሰፋ ብሎ ጠርዙ የተቆረጠ የሚመስለው ላይ ነው ፍራክሽናል ሌዘር ወይም ማይክሮኒድሊንግ ጥሩ የሚሰራው። ማይክሮኒድሊንግ በጥቃቅን መርፌ ስለሚሰራና ብርሀን ስለሌለው ለጠቆረ ቆዳ የማጥቆር ስጋቱ ከሌዘር ያንሳል፣ ርካሽም ነው፣ እኔ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ እሱን ነው የምመክረው። አንድ ፊት ላይ እነዚህ ሁሉ ተቀላቅለው ይገኛሉ፣ ስለዚ ፊትሽን በቅጡ ሳያይና ሳይዳብስ ሌዘር ነው የሚያስፈልግሽ የሚልሽን ሰው አትመኚው።

ሐኪም በምን ይመረጣል ላልሽው፣ የቆዳ ስፔሻሊስት መሆኑን ጠይቂ፣ ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ማየት መብትሽ ነው። ሌዘሩን የሚይዘው እሱ ራሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው? ማሽኑስ ምን አይነት ነው? አይ ፒ ኤል የሚባለውን ሌዘር ብለው የሚሸጡ አሉ፣ እሱ ሌዘር አይደለም፣ ኃይለኛ የብርሀን ብልጭታ የሚረጭ ማሽን ነው፣ የቆዳችን ቀለም ብርሀኑን ስለሚስበው ጠቆር ያለን ሰው በቀላሉ ያቃጥላል። ከዛ የሰራቸውን ሰዎች ፎቶ አሳየኝ በይው፣ ግን የነጭ ፊት ፎቶ ካሳየሽ አይጠቅምሽም፣ ያንቺን የመሰለ ቆዳ ያለው ሰው ከመሰራቱ በፊትና ከወራት በኋላ፣ በአንድ አይነት ብርሀን የተነሳ ነው የምትፈልጊው። መጀመሪያ ጆሮሽ ፊት ለፊት ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሮ ሳምንታት ጠብቆ ይጠቁር አይጠቁር የሚያይ ሐኪም ካገኘሽ አጥብቀሽ ያዢው። የሙሉውን ዙር ዋጋም አስቀድመሽ ጠይቂ፣ አንድ ዙር ተሰርተው ገንዘብ አልቆባቸው መሀል ላይ የሚያቆሙ ብዙ ናቸው።

አሁን ግን ወደ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር አትንከራተቺ፣ እዚሁ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ህክምና አለ እኮ። እዛ ሄደሽ ክሬሙንና አዲስ የሚወጣውን ብጉር አስተካክዪ፣ ብጉር እየወጣ ጠባሳ ማከም ልፋት ነው። ሰርግሽ መሆኑን ለሐኪሙ ንገሪው፣ አይሶትሬቲኖይን የሚባለው የሚዋጥ የብጉር መድሀኒት ፅንስ ክፉኛ ስለሚጎዳ እየወሰድሽም ካቆምሽ በኋላ እስከ አንድ ወርም ማርገዝ የለብሽም፣ ሌሎቹም ውስጥ ለእርጉዝ የማይሆኑ አሉ። የፀሀይ መከላከያ ኤስ ፒ ኤፍ 30 እና ከዛ በላይ የሆነውን በየቀኑ ተቀቢ፣ ደሴ ጉምና ብርድ ነው ምን ፀሀይ አለ እንዳትዪ፣ ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ከፍ ባልሽ ቁጥር ጨረሩ ይበረታል፣ ደመናም አያስቀረውም። ለሰርጉ ጸጉርሽን ቅቤ የምትቀቢ ከሆነ ግንባርሽ ላይ እንዳይወርድ፣ ግንባር ላይ የሚወጣው ጥቃቅን ብጉር ብዙ ጊዜ ከሱ ነው። ወይባውንም ግቢ፣ ግን ፊትሽን ከጭሱና ከሙቀቱ አውጪው። በቀኑ ሜካፕ ጥቁረቱን ደህና አድርጎ ይሸፍነዋል፣ የጉድጓዱን ነገር ከሰርጉ በኋላ ተረጋግተሽ ትጀምሪዋለሽ።

ጥያቄ፦ እኔ ወንድ ነኝ፣ ከኮምቦልቻ። ብጉር ደረቴና አገጬ ስር እያበጠ የሚቀር፣ የሚያሳክክ ጠባሳ ትቶብኛል። ሌዘር ያነሳዋል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንተ ጉድጓድ ሳይሆን ያበጠ ነው፣ ኬሎይድ የሚባለው፣ ከቁስሉ አልፎ እያበጠ የሚያድግ ጠባሳ ሊሆን ይችላል። ቆዳህ እንዲህ የማበጥ ጠባይ ካለው የሚበሳውም ሆነ የሚቆርጠው ህክምና ሌላ ኬሎይድ ሊያወጣብህ ይችላል፣ ስለዚ ጠባሳ በሚበሳ ሌዘር እንዳትጀምር። በአብዛኛው መጀመሪያ የሚሰጠው እብጠቱ ውስጥ በየተወሰነ ሳምንት የሚወጋ ትራያምሲኖሎን የሚባል መርፌ ነው፣ ያለሰልሰዋል፣ ማሳከኩንም ያስታግሰዋል። አገጭህ ስር ጺም ስትላጭ ብጉሩን እየቆረጥከው ከሆነ ለጊዜው በምላጭ መላጨቱን ተወውና በማሽን አሳጥረው፣ ከተቻለህም በዚሁ ሳምንት የቆዳ ሐኪም ጋ ቅረብ፣ ኬሎይድ ትንሽ እያለ ሲታከም ነው የሚቀለው።