መልስ፦ የአንድሩ ዋይት ሣርና የሚሰነጠቀው ቴምፔራ

የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፦ አሜሪካዊው ሠዓሊ አንድሩ ዋይት «የክርስቲና ዓለም» በተባለው ሥዕሉ ላይ ያንን ደረቅ ሣር እንዴት እንደሣለው፣ እና እርስዎ ሸራ ላይ የሞከሩት የእንቁላል ቴምፔራ (በእንቁላል አስኳል የሚለወስ ቀለም) ለምን እንደተሰነጠቀ።

ዋይት እ.ኤ.አ. በ1917 ቻድስ ፎርድ፣ ፔንሲልቬንያ ተወለደ። ሥዕል ያስተማረው አባቱ ኤን. ሲ. ዋይት ነው፤ ቴምፔራን ያሳየው ግን የእህቱ ባል ፒተር ኸርድ። በ1937 ኒውዮርክ ላይ ያቀረባቸው የውሃ ቀለም ሥዕሎች በሙሉ ተሸጠዋል። በቀላሉ በዚያው መቀጠል ሲችል አዝጋሚውን ቴምፔራ መምረጡ፣ ለእኔ የትልቅነቱ ምልክት ነው። «የክርስቲና ዓለም»ን በ1948 ሜይን ውስጥ ሣለው፤ ስፋቱ 82 በ121 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ሣሩ በአንድ ጊዜ የተቀባ አይደለም። በቀጭን ብሩሽ፣ ጭረት በጭረት፣ ሥሥ ንብርብር በሌላው ላይ እየተደረበ የመጣ ነው። ቴምፔራ በደቂቃ ውስጥ ስለሚደርቅ እንደ ዘይት ቀለም አይዋሃድም፤ የቀለም ሽግግር የሚገኘው በዋናነት ጭረት በማጠጋጋት ነው።

የእርስዎ ችግር ሸራው ነው። የደረቀ ቴምፔራ አይለጠጥም፤ ሸራው ሲወዛወዝ ይሰነጠቃል። ጠንካራ ጣውላ ይያዙ፤ በቆዳ ሙጫና በጠመኔ ዱቄት የተሠራ ጄሶ (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ ነጭ መደብ) ደጋግመው ቀብተው በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት። ከሰው ሠራሽ ሙጫ የሚሠራው አክሪሊክ ጄሶ በደንብ ስለማይመጥ ቀለሙ ሊላጥ ይችላል። አስኳሉን ከነጩ ለይተው ሽፋኑን ይብሱና ፈሳሹን ብቻ ይውሰዱ። በውሃ ከተለወሰ የቀለም ዱቄት ጋር እኩል በእኩል ይጀምሩ። ደርቆ በጣት ሲነካ ከበነነ አስኳል አንሶታል፤ ቅባታማ ሆኖ ካብለጨለጨ በዝቶበታል።