ስለ 4,294,967,297 ለጠየቃችሁኝ

ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ በዚህ ቁጥር ዙሪያ ናቸው። 32 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲጨመርበት የሚገኘው ነው።

ለ3 ይካፈላል ወይ?

አይካፈልም። የአሃዞቹ ድምር 59 ነው፤ 59 ደግሞ ለ3 አይካፈልም።

አንድ መምህር፦ የሒሳብ ሊቁ ፌርማ ይህ ቁጥር ፕራይም (ለ1 እና ለራሱ ብቻ የሚካፈል) ነው ብሎ ነበር፤ ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር በ1732 እ.ኤ.አ. ለ641 እንደሚካፈል አሳየ። ያለ ኮምፒውተር እንዴት ይደረስበታል? ለተማሪዎቼ ላሳያቸው።

እንኳን ጠየቁኝ። በደፈናው ከተሄደ እስከ 65,536 (የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ግድም) ያሉትን 6,542 ፕራይሞች አንድ በአንድ መሞከር ሊያስፈልግ ይችላል። መንገዱን የሚያሳጥረው ኦይለር ያረጋገጠው ሕግ ነው፦ ይህን ቁጥር የሚያካፍል ማንኛውም ፕራይም ለ64 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። ስለዚህ ከ65 ተነስታችሁ 64 እየደመራችሁ ሂዱ። እስከ 641 አሥር ቁጥሮች ታገኛላችሁ፤ ፕራይሞቹ ግን አምስት ብቻ ናቸው። ልጆቹ ራሳቸው ያካፍሉ፦ ለ193 ቀሪው 109፣ ለ257 ቀሪው 2፣ ለ449 ቀሪው 325፣ ለ577 ቀሪው 288፣ ለ641 ግን ምንም አይተርፍም። ድርሻው 6,700,417 ነው፤ እሱም ፕራይም ነው።

ማባዛቱን በአሃዝ ድምር ያጣሩ፦ አንድ አሃዝ ብቻ እስኪቀር የየቁጥሩን አሃዞች ይደምሩ። 641 ወደ 2፣ 6,700,417 ወደ 7 ይወርዳል፤ 2 ጊዜ 7 14፣ እሱም 5። የትልቁ ቁጥር 59ም ወደ 14፣ ከዚያ ወደ 5 ይወርዳል። ይህ ማጣሪያ ሁለት አሃዞች ቦታ ከተቀያየሩ ግን ስህተቱን አያሳይም።

ከሒሳቡ ይልቅ አጥብቄ የምለምንዎ ፌርማ የተሳሳተበትን ምክንያት እንዲነግሯቸው ነው። 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537፤ ከእያንዳንዱ 1 ቀንሰው፣ በራሱ አባዝተው፣ 1 ሲጨምሩ ቀጣዩ ይመጣል። አምስቱም ፕራይም ስለሆኑ ስድስተኛውም ይሆናል ብሎ አመነ። ከ65,537 ወዲያ እስካሁን አንድም ፕራይም አልተገኘም፤ እንደሌለም ያረጋገጠ የለም። «አምስቱ ላይ ሠርቷል፣ ስለዚህ ሁሌም ይሠራል» የሚል የፈተና መልስ ማርክ ሊሰጠው አይገባም።

የአካፋዮቹ ድምር ከራሱ ጋር እኩል ነው?

ከራሱ በስተቀር አካፋዮቹ 1፣ 641 እና 6,700,417 ናቸው። ድምራቸው 6,701,059፤ አጠገቡም አይደርስም።

ኤክሴል ላይ ባለ 16 አሃዝ የካርድ ቁጥር ስጽፍ መጨረሻው 0 ይሆንብኛል።

ኤክሴል የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ነው። ከመጻፍዎ በፊት ሴሉን ወደ ቴክስት ይቀይሩት። የጠፋው አሃዝ አይመለስም፤ እንደገና ይጻፉት። ካልሆነ የመሥሪያ ቤትዎን አይቲ ይጠይቁ።

አንድ ወጣት፦ ሁለት ባለ 5 አሃዝ ፕራይሞች አባዝቼ ለሱቄ ደንበኞች መረጃ ምስጢራዊ ቁልፍ ሠራሁ፤ ይበቃል?

አይበቃም፤ ዛሬውኑ አቁመው። ባለ 10 አሃዝ ብዜትን ተራ ስልክ በቅጽበት ወደ ሁለቱ ፕራይሞች ይፈታዋል። በ2020 እ.ኤ.አ. ባለ 250 አሃዝ እንኳ ተፈትቷል፤ በሥራ ላይ ያሉት ቁልፎች ባለ 2,048 ቢት (በኮምፒውተር የ0 እና 1 አጻጻፍ)፣ ማለትም 617 አሃዝ ናቸው። ርዝመቱን ብታሟላም ፕራይሞቹን የመረጥክበት መንገድ የሚገመት ከሆነ ቁልፉ ይሰበራል። የተፈተነ፣ ዝግጁ ሶፍትዌር ተጠቀም፤ አንድም የደንበኛ ስም ከማስገባትህ በፊት የመረጃ ደህንነት ባለሙያ ይየው። በዚህ ላይ የእኔ ምክር አይበቃህም።